የሚያልበው ግድግዳ

ሠራተኛው ፈጠነ የእርጥበት መለኪያውን ግድግዳው ላይ ሲያስደግፈው እንደ ጫጩት ጮኸ። ትንሿ መብራት ቀላች። አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርጎ ሞከረ፤ ጮኸ። ከአልጋው ራስጌ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ከጥጉ ሞከረ፤ በሄደበት ሁሉ ጮኸ።

«እታለም፣ ይኸ ግድግዳ አይደለም» አለ። «ምንጭ ነው።»

ይመኙሻል አልሳቀችም። መቃኑን ተደግፋ እንደ ቆመች ነው። ከደጅ ብርድ የሚከላከል ነጭ ፎምና የጂብስ ሰሌዳ የጫነ መኪና ቆሟል። ያ ጭነት ዛሬ እዚህ ክፍል ግድግዳ ላይ ካልተለበጠ ነገ ልጇ ኢንባል የምትተኛበት የለም።

ኢንባል ሰባት ዓመቷ ነው። በዚህ ክረምት ብቻ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ አጥሯት ሆስፒታል ገብታለች፤ በሁለተኛው ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። ሐኪሟ ትናንት ይመኙሻልን ወደ ኮሪደሩ ጠርታ፣ «ሐሙስ ጠዋት አስወጣታለሁ። ወደዚያ የሻገተ ክፍል ግን እንዳትመልሻት። ሦስተኛ ጊዜ እንዲህ ሆና ብትመጣ እፈራለሁ» አለቻት። ሐኪም «እፈራለሁ» ሲል ይመኙሻል ሰምታ አታውቅም። ዛሬ ረቡዕ ነው።

ቤታቸው አሮጌ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ከታች፣ ከመሬት። ሕንፃው ድሮ፣ ሌሎች ስደተኞች በመጡበት ዘመን፣ በጥድፊያ የተሠራ ስለሆነ ግድግዳው ስስ ነው፤ በጋ ላይ እንደ ምድጃ ይግላል፣ ክረምት ላይ እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። በላኪሽ ወንዝ በኩል በማለዳ የሚነሣው ጉም ደግሞ ታች ያለውን ቤት ይወዳል። በየዓመቱ ለፋሲካ ይመኙሻል የሰሜኑን ግድግዳ በበረኪና ፈትጋ ቀለም ትቀባዋለች። የክረምቱ በዓል ሐኑካ ሳይደርስ ጥቁሩ ተመልሶ ይመጣል። ቤቱን የሚያከራየው ማኅበር የታች ቤቶችን የሰሜን ግድግዳ ሊያለብስ ነው ሲባል ከሰማች ሁለት ዓመት ሆናት። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከምትሠራበት ፋብሪካ በወጣች ቁጥር፣ ወደ ቢሯቸው ጎራ እያለች ስሟ ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ጠይቃለች።

«ቧንቧ ነው?» አለች።

«ቧንቧውን ባለፈው ሳምንት አይተነዋል፤ ደህና ነው። ውሃው ከውስጥ ነው የሚመጣው። ከእናንተ።»

«ከእኛ?»

«ከትንፋሻችሁ። ከወጥ ድስታችሁ፣ ከልብስ ማስጫችሁ። የጋለ ድስት ክዳን ሲገለጥ ውሃ አቁሮ አላየሽም? ይኸ ግድግዳ ክዳን ነው። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ብርዱ ላይ ይለጠፋል።» ፈጠነ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ። «ደግሞ መውጫ ነበረው። በሁሉም ቤት ከጣሪያ ሥር የአየር መውጫ ቀዳዳ አለ። ከውጭ ወንፊቱን አይቻለሁ፣ ልክ በእናንተ ክፍል አንጻር። ከውስጥ ግን የለም። ምን በላው?»

ይመኙሻል ዐይኗን ወደ ሳሎን መለሰች።

ሳሎን ውስጥ አባባ ካፖርታቸውንና ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ተቀምጠዋል። አባባ የባሏ የአስናቁ አባት ናቸው፤ ሰው አቶ ማለደ ይላቸዋል። እሷ ግን አሥራ ሦስት ዓመት አብራቸው ስትኖር ስማቸውን በአፏ ጠርታው አታውቅም፤ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ቃላቸውንም መልሳ አታውቅም። አስናቁ የጭነት መኪና እየነዳ እስከ ደቡቡ ወደብ ኤላት ወርዷል፤ የሚመለሰው ዓርብ ነው። ቢኖርም ኖሮ በአባቱ ፊት ቀና ብሎ አይናገርም።

«አንተ ልጅ!» አሉ አባባ ከሳሎን። «የማን ልጅ ነህ?»

«የሰጠው ልጅ ነኝ፣ አባባ።»

«የሰጠው? ያ በሱዳን መንገድ አህያውን ተሸክሞ ወንዝ ያሻገረው?»

«እሱ አህያዋ እኔን ተሸከመችኝ ነው የሚል።»

«ውሸታም ነው። አህያዋ ታማ ነበር። አህያ የተሸከመ ሰው ልጅ እንዴት ግድግዳ አቃተው?»

ፈጠነ እየሳቀ ወደ ይመኙሻል ዞረ። «እንዲያው ለነገሩ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። ይኸ ግድግዳም አንድ ነገር ደብቆናል።»

ለቀልድ ነው ያለው። እሷ ግን ፊቷ ሲግል ተሰማት። ቀዳዳው የት እንዳለ ታውቃለች። ከቁም ሳጥኑ በላይ፣ ከጥጉ ሁለት ስንዝር። በየፋሲካው ቀለም የምትቀባው እሷው ናት፤ ከግድግዳው ጋር አንድ እስኪመስል ድረስ ደራርባ ቀብታዋለች። ሐኪሟም ኢንባል ሆስፒታል በገባችበት ለት፣ «ክፍሉ አየር ማውጫ አለው?» ብላ ስትጠይቃት፣ «አለው» ብላለች። የአማቷን ነገር ለባዕድ ሰው እንዴት ትናገር? «አለው» አለች፤ ሐኪሟም ጻፈችው።

መኪናው ጥሩምባውን ነፋ። ሽሎሞ፣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ጫማውን እንኳ ሳይጠርግ ገባ።

«ያላ፣ ቶሎ በል ፈጠነ! ገና ነህ? ስድስት ሰዓት ላይ የቀጣዩን መግቢያ ቤቶች እንጀምራለን።»

«ግድግዳው እርጥብ ነው» አለ ፈጠነ።

ሽሎሞ በመዳፉ ዳበሰው። ሱሪው ላይ ጠረገና ትከሻውን ሰበቀ። «ለብጠው። ከተለበጠ ማን ያየዋል? ካልሆነ ተከራይዋ አልተዘጋጀችም ብዬ እጽፋለሁ። የሚቀጥለው ዙር ከበጋ በኋላ ነው።» ወደ እሷ ዞሮ ድምፁን ለስለስ አደረገ። «እመቤቴ፣ ምርጫው የአንቺ ነው። እኔ ፎሙን ይዤ ወደ ቤቴ አልሄድም።»

ወጣ።

ፈጠነ በአማርኛ ዝግ ብሎ አስረዳት። «ስሚኝ እታለም። ከለበጥነው ዛሬ ማታ ነጭ ነው፤ ብታይው ያምርሻል። እርጥበቱ ግን ከሰሌዳው ኋላ ይቀመጣል። ሻጋታው እዚያ ጨለማ ውስጥ ይፋፋል። አታይውም፤ ልጅሽ ግን ትተነፍሰዋለች።»

«ከበጋ በኋላ ማለት መቼ ነው?»

«ጥቅምት። ኅዳር።»

ጥቅምት። ገና የካቲት ነው፤ ስምንት ወር፣ ዘጠኝ ወር። ኢንባል ነገ ነው የምትወጣው። ሁለት ዓመት የለመነችው ፎም ከደጅ ቆሟል። ነጭ ግድግዳ፣ ደረቅ የሚመስል። ሐኪሟ ብትጠይቃት፣ «ተሠራ» ትላለች፤ ውሸትም አይሆንም።

«ለብጠው» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ለብጠው አልኩህ!»

ፈጠነ አንድ ጊዜ አያትና ወጣ። አንዱን የፎም ሰሌዳ ይዞ ተመለሰ፤ ጀርባውን ማጣበቂያ ቀባ፤ ከጥጉ ጀምሮ ወደ ግድግዳው ገፋው። ጥቁሩ ነጠብጣብ በነጩ ሲሸፈን እያየች የኢንባል ከንፈር ትዝ አላት። ከንፈሯም እንዲሁ ነበር፤ ጥቁሩ ከዳር ጀምሮ ወደ መሐል። «እማ፣ አየሩ አልገባ አለኝ» ነበር ያለቻት፤ ልጅቱ ቤቱ ምን እንደጎደለው ከእናቷ ይልቅ ታውቅ ይመስል።

ፈጠነ ሁለተኛውን ሰሌዳ አነሣ።

«ቁም» አለች።

አልሰማትም። «ቁም! ተው!»

ወደ ወጥ ቤት ሮጣ ቢላዋ ይዛ መጣች። ወንበር ጎትታ ወጣችና ከቁም ሳጥኑ በላይ ያለውን ግድግዳ በጣቷ ዳበሰችው። ሌላው ቦታ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው፤ እዚህ ይለሰልሳል። ቢላዋውን ሰካችና ቀለሙን ዙሪያውን ፋቀችው። የመፋቁ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

ከሳሎን የዘንግ ኳኳታ መጣ። አባባ በሩ ላይ ቆሙ።

«ምን ልትሠሪ ነው አንች?»

እጇ ቆመ። ወንበር ላይ ሆና አማቷን ቁልቁል ማየቷ ራሱ ነውር መሰላት።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ልከፍተው ነው።»

«ምኑን?»

መልሱን ያውቁታል። እዚህ ቤት በገቡ በመጀመሪያው ክረምት ባለቤታቸው እማማ አገርነሽ እዚሁ ክፍል ታመው፣ ሲያስሉ ከርመው፣ እዚሁ አረፉ። አባባ፣ «በዚህ ቀዳዳ የገባ ነፋስ ነው ደረቷን የመታት» አሉ። ኀዘን ተቀምጠው ሰባቱ ቀን እንዳለቀ የሟቿን ነጠላ ጠቅልለው ቀዳዳው ውስጥ ወተፉት። ያን ጊዜ የወጡበትን ወንበር የያዘችላቸው ይመኙሻል ናት። በቤቱ ውስጥ ስለዚያ ቀዳዳ ዳግመኛ የተናገረ የለም።

«እኔ በቁሜ ያ ቀዳዳ አይከፈትም» አሉ አባባ።

«አባባ፣ ልጅቱ...»

«ስለ ልጅቱ ነው! አንዷን ወስዶብኛል። ይችን ደግሞ ልስጠው?»

ፈጠነ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሏል። ከደጅ ጥሩምባው ደግሞ ጮኸ።

ይመኙሻል እንባዋ መጣ፤ ቢላዋው ግን አልቆመም። ቀለሙ ተቀርፎ ወደቀ። ጣቷን አስገብታ የጨርቁን ጫፍ ያዘችና ሳበች። አልመጣ አለ። በሁለት እጇ ሳበችው። እርጥብ፣ ከባድ፣ ጥቁር ነገር ደረቷ ላይ ወደቀ፤ ጥለቱ የት እንደነበር እንኳ አይለይም። ሽታው ፈጠነን ወደ ኋላ አስፈገፈገው። ይኸን ሽታ ይመኙሻል ታውቀዋለች፤ በየሌሊቱ የኢንባል ትራስ ላይ የምታሸተው ነው።

ፈጠነ ከኪሱ ስስ ወረቀት አወጣና ቁም ሳጥኑ ላይ ተንጠላጥሎ ቀዳዳው አጠገብ ያዘው። ወረቀቱ ወደ ቀዳዳው ተሳበና ተለጠፈ።

«ይዩት አባባ። ወደ ውጭ ነው የሚሄደው። እየገባ አይደለም።»

አባባ ቀረብ ብለው ወረቀቱን አዩት።

«ዛሬ ወደ ውጭ ነፈሰ» አሉ። «ነገ ወደ ውስጥ ቢነፍስስ? አንተ ነህ መጥተህ የምትይዘው?»

ፈጠነ ወረቀቱን አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው።

ይመኙሻል ከወንበሩ ወረደች። ነጠላውን በሁለት እጇ እንደ ሕፃን ይዛ ለአባባ ዘረጋችላቸው። ተቀበሏት። ከዚያ ስልኳን አወጣችና በፊታቸው ሆስፒታሉ ጋ ደወለች። ሐኪሟ እስክትገኝ ሁለት ጊዜ አስጠበቋት። በተሰባበረው ዕብራይስጧ፣ ቃል እየጠፋት፣ መልሳ እየጀመረች ተናገረች፤ ቀዳዳው ተወትፎ እንደነበር፣ ከአሥር ዓመት በላይ እንደሆነው፣ ስትጠየቅ እንደዋሸች፣ ግድግዳው እርጥብ እንደሆነና ዛሬ እንደማይለበጥ። በስልኩ ውስጥ ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። ልጇን ይወስዱባት ይሆን? እናቲቱ ዋሽታለች ብለው ይጽፉ ይሆን?

«በቤቱ ሌላ ደረቅ ክፍል አለ?» አለች ሐኪሟ።

«አለ።»

«ፀሐይ ይገባዋል?»

«ይገባዋል።»

«እዚያ ትተኛ። መስኮቱ በየጠዋቱ ለአንድ ሰዓት ያህል ይከፈት። የሻገተውን ክፍል ባዶ ተዪው፤ ቀዳዳው ሌትም ቀንም ክፍት ይሁን። ይኸን ማድረግ ትችያለሽ? ካልቻልሽ ንገሪኝ፤ ልጅቷ እዚሁ ትቆይ።»

ይመኙሻል ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና ወደ አባባ ዞረች። ፀሐይ የሚገባው ክፍል የእሳቸው ነው። በአሥራ ሦስት ዓመት አንድም ነገር ጠይቃቸው አታውቅም፤ ዛሬ ግን በአንድ ቀን ሁለት፤ ቀዳዳውንና ክፍሉን።

ነገረቻቸው። ሁሉንም፤ ዋሸሁ ያለችውን ጭምር።

«ዋሸሽ?» አሉ።

«ዋሸሁ፣ አባባ።»

«ለኔ ብለሽ?»

አባባ ነጠላውን ተመለከቱ፤ በአውራ ጣታቸው ፈተጉት፤ ጣታቸው ጠቆረ። ሽሎሞ ከደጅ፣ «ፈጠነ! ተለበጠ ወይስ አልተለበጠም?» እያለ ይጮኻል። ስልኩ ውስጥ፣ «ሃሎ?» ትላለች ሐኪሟ።

«አልጋዬን ወደ ሳሎን አውጡት» አሉ አባባ።

ይመኙሻል ስልኩን አፏ አጠገብ መለሰች። «እችላለሁ» አለች።

ፈጠነ የለጠፈውን አንድ ሰሌዳ ገንጥሎ አወጣ። ለአለቃው በመስኮት፣ «አልተዘጋጀችም ብለህ ጻፍ!» ብሎ ጮኸና ወደ ይመኙሻል ዞረ። «በጥቅምት ስምሽ ከላይ እንዲሆን እኔ ራሴ አስጽፈዋለሁ። እስከዚያ በየወሩ መጥቼ እለካዋለሁ።» ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ለአልጋው ጎንበስ አለ።

አልጋው ሳሎን ውስጥ ሲቀመጥ አባባ ጫፉ ላይ ተቀመጡ፤ ካፖርታቸውን እንዳደረጉ። ፈጠነ ሄደ። የመኪናው ድምፅ ወደሚቀጥለው መግቢያ ራቀ። ይመኙሻል የእሳቸውን ክፍል ጠርጋ፣ ለኢንባል ንጹሕ አንሶላ አነጠፈች። ስትወጣ አልተንቀሳቀሱም፤ ፊታቸው ወደተዘጋው የሻገተ ክፍል በር ነው።

«ከዚያ በር ሥር ጨርቅ አድርጊበት» አሉ ሳያይዋት። «ነፋሱ ወደ ሳሎን እንዳይመጣ።»

«እሺ፣ አባባ።»

«የልጅቱን መስኮት ደግሞ እኔ ባለሁበት አትከፍችው። ጠዋት ጸሎት ቤት ስሄድ ክፈችው። ስመለስ ተዘግቶ ልግኘው።»

«እሺ፣ አባባ።»

ይመኙሻል ጨርቁን ልታመጣ ስትነሣ መልሰው ጠሯት።

«ሐኪሟ ለምን ያህል ሰዓት አለች?»

«አንድ ሰዓት ሙሉ።»

አባባ አሰቡ። «ጸሎቱ አርባ ደቂቃ ነው» አሉ።

አባባ ባርኔጣቸውን አስተካክለው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«ስመለስ ቀስ ብዬ እመጣለሁ።»