ያለ ዱላ ወደ ወረታ

እሑድ ኅዳር 5 ቀን 2003 ዓ.ም. ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ በር ካለው ዋርካ ሥር የነበርነው የጎጣችን መሪ ደሴ፣ ጎረቤታችን አያ ቢሻው፣ እናቴ ይርገዱ፣ እኔ ቻላቸው፣ ሌሎችም ወደ ሃያ የሚሆኑ አባወራዎች ነን። ውሻዬ ዳማ አልነበረም። እሱ ሰው ከተሰበሰበበት አይደርስም።

ደሴ ከወረዳ የመጣውን ወረቀት አነበበ። በላይኛው መንደር ያበደ ውሻ ሁለት ሰው ነክሷል። ስለዚህ ውሻ ያለው ሁሉ ቅዳሜ ኅዳር 18 ቀን በገመድ አስሮ ወረታ ከብት ገበያው አጠገብ ያስከትባል። ላልተከተበ ውሻ ሰኞ መርዝ ይጣላል።

«የሚንፈራገጥ ውሻም አይከተብም» አለ ደሴ። «የእንስሳት ሐኪሟ የምትነከስበት ምክንያት የለም። ጸጥ ብሎ የሚቆም ብቻ ነው የምትፈልገው።»

ስም መዝግብ ተባልኩ። ስድስተኛ ክፍል ስለደረስኩ በጎጣችን ዝርዝር የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ከመናገር መጻፍ ይቀለኛል። አሥራ አንድ ውሻ ከጻፍኩ በኋላ ማንም ሳይናገር አሥራ ሁለተኛ ጨመርኩ።

«ይህ ደግሞ የማን ነው?» አሉ አያ ቢሻው ወረቀቱን አይተው።

«የእኛ ነው። ዳማ።»

ሳቅ ሆነ። «ያ ጥላውን የሚሸሸው? ለእሱማ ቃሬዛ ይዘጋጅለት! አንዱ ተሸካሚ እኔ እሆናለሁ» አሉ አያ ቢሻው።

«በእግሩ ይሄዳል» አልኩ። «ከጎኔ ሆኖ፣ ገመዱ ሳይወጠር።»

ድምፄ እንዲህ ጎልቶ ሲወጣ ሰምቼው አላውቅም። እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች።

ዳማን ያስበረገገው ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ያለፈው ዓመት ሩዝ ስንወቃ ገና ቡችላ ሆኖ አውድማ ውስጥ ገባ። ውሻ አውድማ ከረገጠ በረከት ይሸሻል ይባላል። አምስት ሰዎች በዱላ ከበቡት፤ የመጀመሪያውን ያሳረፉት አያ ቢሻው ናቸው። እኔ መንሽ ይዤ ቆሜ አየሁ። አንድ ቃል አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲህ ዳማ ከጎተራው ሥር ይውላል፤ ሰው ሲመጣ ይንቀጠቀጣል፤ ገመድ ካሰሩበት እስኪታነቅ ይጎትታል።

ሰኞ ማለዳ ገመዱን ባንገቱ አግብቼ፣ ዱላዬን እንደ ወትሮዬ ትከሻዬ ላይ አጋድሜ፣ በታጨደው ማሳ በኩል ይዤው ወጣሁ። አሥር እርምጃ አልሄድንም። በሆዱ ተኛ፤ ሽንቱን ለቀቀ። ስስበው ዓይኑ እስኪፈጥ ታነቀ። አያ ቢሻው ከማሳቸው ማጭዳቸውን እንደያዙ ጮኹ።

«ወይፈን እንዴት ነው የሚገራው ቻላቸው? ቀንበሩን ትጭናለህ፣ ጅራፉን ታሰማዋለህ! በለው አንድ ጊዜ!»

አያ ቢሻው በሬ በመግራት የታወቁ ናቸው፤ ሰው ከሩቅ ወይፈን ያመጣላቸዋል። አልመታሁትም እንጂ ምክራቸውን አምኜ ሁለት ቀን ሙሉ ጎተትኩት። በሁለተኛው ቀን ማታ አንገቱ ተልጦ ነበር።

ረቡዕ ውኃ ልቀዳ በዱላዬ ፈንታ ጀሪካን ተሸክሜ ስወጣ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ዘወር ስል ዳማ ነው፤ ማንም ሳይጠራው ተከትሎኛል። ቆምኩ፤ ቆመ። ሄድኩ፤ ሄደ። ከጉድጓዱ ስንመለስ ደሳለኝ የሚባል ጎረቤታችን ዱላውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ከፊታችን ብቅ አለ፤ ዳማ እንደ ጥይት ጠፋ። ደሳለኝ ውሻ የማይነካ ሰው ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። ዳማ የሚያየው ሰውን አይደለም፤ ትከሻን ነው። ሁለት ቀን ሙሉ በአንድ እጄ ና እያልኩት በሌላው የሚፈራውን ተሸክሜ ኖሯል።

ዱላዬን ከጣራው ሥር ሰካሁት።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በእኛ አገር ወንድ ልጅ ከብት መከተል ከጀመረ ዱላ ከትከሻው አይወርድም። ባዶ እጁን መንገድ የወጣ ጎልማሳ ወይ ታሟል ወይ ተገፏል። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ወንዶቹ በየማሳው አጨዳቸውን እያቆሙ ያዩኛል።

«ቻላቸው! ዱላህን ማን ቀማህ?»

«ውሻው ነዋ! ነጥቆት ነው!»

«በል መቀነት ታጠቅ እንግዲህ፣ እንስራም ፈልግ!»

ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ዳማን በግራ ጉልበቴ አጠገብ አድርጌ፣ ገመዱን አርግቤ፣ በማሳው ድንበር ላይ እሄዳለሁ። ከቀደመኝ እቆማለሁ፤ ገመዱ ሲላላ እንደገና እሄዳለሁ። ጉልበቴ አጠገብ ሲሆን የዳቦ ፍርፋሪ ወርወር አደርግለታለሁ። ሥጋ ከየት ይመጣል፤ ኅዳር 15 ጾም ሲገባማ እሱም ጾመ። ድንበሩ ጠባብ ነው፤ በአንድ በኩል ጭቃ፣ በሌላ በኩል ያልታጨደ ሩዝ። መሸሻ ስለሌለው ይሁን ስለደከመው እንጃ፣ በአምስተኛው ቀን ትከሻው ከጉልበቴ ሳይርቅ እስከ ጅረቱ ደርሰን ተመለስን።

የቀረው የሌላ ሰው ዱላ ነው። ወረታ የቅዳሜ ከብት ገበያ የዱላ ጫካ ነው። ማንን ልለምን? እናቴ ራሷ የሟች አባቴን ሽመል አውጥታ መጣች።

«ልጄ፣ የት ልቁም?»

«ከዚያ ከግራሩ ዘንድ። ዝም ብለሽ እለፊ፤ እንዳታዪው።»

«ሰው ያየኛልኮ!»

«እኔንም ያዩኛል።»

ሽመሉን ትከሻዋ ላይ አጋደመችና እንደ አባወራ ደረቷን ነፍታ አለፈች። ሳቅሁ። ዳማ ተንቀጠቀጠ፤ ግን አልሸሸም። ተመልሳ አለፈች፤ በየጊዜው አንድ እርምጃ እየቀረበች። ሐሙስ ዕለት ሽመሉ ሊነካኝ ትንሽ ሲቀረው ስታልፍ ዳማ ጆሮውን ብቻ አጠፈ።

የዚያን ዕለት ማታ አያ ቢሻው ደጃችን መጡ። አልተቀመጡም።

«ልጅ ቻላቸው፣ አባትህ ወዳጄ ነበር። ከነገ ወዲያ ባዶ እጅህን ገበያ ወጥተህ እኛን እንዳታዋርድ። ውሻ ይተካል፤ ስም አይተካም።»

ሽማግሌ ሲናገር መሬት ማየት ነው የለመድኩት። ያን ቀን ቀና አልኩ።

«አያ ቢሻው፣ አውድማው ላይ ሲመታ ዝም ብያለሁ። አሁን ዝም አልልም። ዱላ አልይዝም።»

«ተናጋሪ ሆነሃላ!» ብለው ሄዱ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነሣን። አስፋልቱ ስንደርስ ከጎንደር የሚመጣ የጭነት መኪና ጡሩምባውን ነፋ፤ ዳማ ጉልበቴ ላይ ተለጠፈ። ቆምኩ። ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየሁና ሄድን። ባጃጆቹን አለፍን። ከብት ገበያው ጋ ስንደርስ ዱላ በግራ፣ ዱላ በቀኝ። እጄ ላይ ያለው ገመድ እንደረገበ ነው።

ክትባቱ የሚሰጠው በገመድ በታጠረ ቦታ ነው። በሩን የያዘው ሚሊሻ መንግሥቴ የሚባል ነው።

«ዱላህስ?»

«የለኝም።»

«ያለ ዱላ አይገባም። ውሻው ቢነሣብህ በምን ትመልሰዋለህ? እንካ የእኔን ያዝ።» የራሱን ዘረጋልኝ። ዳማ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ገመዱ ሊወጠር አንድ ስንዝር ቀረው።

ሁለቱን እጆቼን ወደ ኋላ አደረግሁ። «አልይዝም።»

«እንግዲያ ውጣ! ሰልፉን አትዝጋ።»

ከኋላዬ አርባ የሚሆን ሰው አለ። አያ ቢሻውም ከነውሻቸው አሉበት። «ያዘውና ግባ እንጂ፣ ምን ያኮራሃል!» አለ አንዱ። «ልጁ ፈሪ ነው፣ ውሻውም ፈሪ ነው» አለ ሌላው። አዎ፣ ሁለታችንም ፈርተናል። ግን ዱላውን ብይዝ ዳማ ይሸሻል፤ ከሸሸ ሰኞ ይሞታል።

መለስ አልኩና ገመዱን በጣቴ ጫፍ ብቻ ይዤ በሰልፉ አጠገብ መሄድ ጀመርኩ። ዱላ በያዘው ሰው ሁሉ ፊት፣ አንድ በአንድ፣ እስከ መጨረሻው። ዳማ ይንቀጠቀጣል፤ ትከሻው ግን ከጉልበቴ አልራቀም። አያ ቢሻው ፊት ስደርስ ቆምኩ። ዳማም ቆመ። ዱላቸው ከጭንቅላቱ በላይ ነው። እስከ አሥር ቆጠርኩ። ከዚያ ዞረን በዚያው መንገድ ተመለስን።

ሐኪሟ በሩ ላይ ቆማ ታይ ኖሯል። ናፍቆት ትባላለች፤ ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች ናት።

«አስገባው» አለችው መንግሥቴን።

«ዱላ የለውምኮ፣ ዶክተር!»

«እኔስ አለኝ?»

ገባን። ተንበርክኬ አንገቱን አቀፍኩት። መርፌው ሲገባ አንድ ጊዜ አቃሰተ፤ አልተንቀሳቀሰም። የክትባቱን ወረቀት ስቀበል የዳማን ስም ራሴ ልጻፍ ብዬ ለመንኩ፤ ፈቀደችልኝ።

ስንወጣ አያ ቢሻው ገና ተራቸው አልደረሰም ነበር።

«አሁንም ባዶ እጅህን ነህ» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው።

ሰኞ መርዙ ተጣለ። በጎጣችን ሳይከተቡ የቀሩ አራት ውሾች ሞቱ። ዳማ ማክሰኞ ማለዳ ከእኔ ጋር ሩዝ ወደሚታጨድበት ማሳ ወረደ።