አራተኛው ማሽን

ውባለም በስማዳ በአንድ ጤና ጣቢያ የመድኃኒት ክፍል ሠራተኛ ነበረች። በ2007 ዓ.ም. የካቲት አጋማሽ ላይ መደርደሪያ ስታስተካክል፣ ጊዜው ካለፈ ወር ተኩል የሆነው አንድ ካርቶን የልጆች ሽሮፕ አገኘች። ኮምፒውተሩ ግን ገና ከሁለት ወር በላይ ይቀረዋል ይላል። ካርቶኑ ላይ ያለው ቀን 5/1/2015 ነው፤ ጥር አምስት ማለት ነው፣ በፈረንጅ። ማሽኑ ቀኑን ወር፣ ወሩን ቀን አድርጎ ግንቦት አንድ ብሎ አንብቦታል።

ከካርቶኑ ሦስት ጠርሙስ ለታመሙ ልጆች ተሰጥቶ ነበር። እናቶቹን በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል አስጠራች። ሁለቱ ጠርሙሱን መለሱ፤ የሦስተኛዋ ልጅ ጨርሶ ጠጥቶት ነበር፣ ደግነቱ ምንም አልሆነም።

የመድኃኒት መመዝገቢያው ፕሮግራም በነጻ የሚታደል፣ ኮዱም ለማንም ክፍት የሆነ ነው። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ያሻሽሉታል፤ አንዱ ባሕር ዳር የሚኖር ፈንታሁን የሚባል ሰው ነው። ስልኩን ፈልጋ ደወለችለት።

«እኛ ጋ ሁሉም አረንጓዴ ነው» አላት። «አንድ ሰው ከኮዱ መስመር በቀየረ ቁጥር ፕሮግራሙ ወዲያው በሦስት ዓይነት ማሽን ላይ ይፈተሻል። ስህተት ካለ ቀይ ይበራል። ቀይ እያለ ለውጡ አይገባም።»

«ከሦስቱ እንደኔ ያለ አሮጌ ኮምፒውተር አለበት?»

«የለበትም።»

«እንግዲያው የኔን አራተኛ አድርጉት።»

ፈንታሁን ሁለት ቀን በስልክ እየመራ አስተካከለላት። ማሽኑ አዲሱን ኮድ ከኢንተርኔት ያወርዳል፣ ይፈትሻል፣ ውጤቱን ይልካል። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ሥዩም ግን ከበዳቸው።

«ሪፖርት የምንልክበት ይኸው አንዱ ነው።»

«በምሳ ሰዓት ይሁንልኝ።»

«እሺ። ቢበላሽ ግን ለወረዳው የምታስረጂው አንቺ ነሽ።»

በመጀመሪያው ቀን የቀን አነባበቡ ስህተት ቀይ ሆኖ ታየ፤ በሳምንቱ ታረመ። ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። መብራት ፍተሻው መሐል ላይ ይጠፋል፤ የተቋረጠውም እንደ ስህተት ተቆጥሮ ቀይ ይሆናል። የሌላው ሰው ሥራ ይታገዳል። ፕሮግራሙን ከሚያሻሽሉት አንዱ የሆነ ኬንያዊ ባለሙያ፣ የስማዳው ማሽን ቀይ ምንም ትርጉም የለውምና ይውጣ ብሎ ጻፈ።

ውባለም አነበበችው። ሁለት ወር ሙሉ ምሳዋን እዚያው ወንበር ላይ ነበር የበላችው። ከፋት፤ ሰውዬው ልክ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

በማግስቱ ደብተር ገዛች። መብራት የጠፋበትን፣ የመጣበትን፣ ፍተሻው የደረሰበትን በየቀኑ መዘገበች። በወሩ መጨረሻ አሥራ ዘጠኝ ቀይ ነበር። አሥራ አምስቱ የመብራት ነው። አራቱ ግን እውነተኛ ስህተት ነው፤ አንዱማ በአሮጌ ማሽን ላይ ብቻ ግማሹን የመድኃኒት መዝገብ የሚያጠፋ ነበር። ይህን ሁሉ በምትችለው እንግሊዝኛ ጽፋ ላከችው።

ክርክሩ አንድ ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻ ፈንታሁን ደወለ።

«ማሽንሽ ይቆያል። መብራት ሲቋረጥ ከእንግዲህ ግራጫ ነው የሚያሳየው። ቀይ ሲሆን ግን ለውጡን አያግድም፤ አዲስ ቅጂ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው አይቶ ይወስናል።»

«እንዲያግድ ነበር የፈለግሁት።»

«አውቃለሁ። ያገኘሁልሽ ይህን ነው።»

«ማነው የሚያየው?»

«ያ ኬንያዊ። ራሱ ነው ልየው ያለው።»

በ2009 ዓ.ም. ለጤና ጣቢያው አዲስ ኮምፒውተር መጣ። በዚያው ሰሞን የፕሮግራሙ አዘጋጆች አሮጌ ማሽኖችን መደገፍ ሊያቆሙ ተስማሙ። ውባለም ይህን ስታይ ለፈንታሁን ደወለች።

«እኔስ አዲስ አገኘሁ። ታች ጋይንትና እስቴ የማውቃቸው ባልደረቦቼ ገና በአሮጌው ናቸው።»

«ስንት ናቸው?»

«የደወልኩላቸው ስድስት ጤና ጣቢያዎች። ስማቸውን ልላክልህ?»

ላከችለት። አዘጋጆቹም ለአንድ ዓመት የአሮጌውን ቅጂ ስህተት ማረማቸውን እንደማያቋርጡ ጻፉ። አቶ ሥዩም አሮጌውን ኮምፒውተር ከሚወገዱ ዕቃዎች ዝርዝር ሰርዘው በንብረት ክፍል ጥግ አንድ ጠረጴዛ ፈቀዱላት። ፍተሻው ከጠዋት ጀምሮ ይሠራ ጀመር።