ከአሥራ ሁለተኛው ክፍል ወዲያ

ወይዘሮ ፈትለወርቅ ያረፉ ዕለት ከዘመዶቹ አንዷ ነጠላዋን አውልቃ ቴሌቪዥኑ ላይ ጣል አደረገችበት። ቴሌቪዥኑም እንደ ደንቡ ነጠላውን ለብሶ ሐዘን ተቀመጠ። ኮተቤ በሚገኘው በዚያ ቤት እስከ አርባው ድረስ የሥጋ ዋጋ ሳያነሳ፣ የባቡሩን መንገድ ቁፋሮ ሳያማ፣ አፉን ዘግቶ የከረመ ሐዘንተኛ እሱ ብቻ ነበር።

ልጃቸው መቅደላዊት በቀን አሥር ጊዜ ወደዚያ ነጠላ ታያለች። እናቷ ከትይዩው ይቀመጡ ስለነበር ነው እያሉ ሴቶቹ ከንፈር ይመጡላታል። እውነት ነው፤ ግን የእውነቱ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ለቅሶ ቤት አይነገርም። ከኮሪያው ፊልም አራት ክፍል ይቀራቸው ነበር።

ወይዘሮ ፈትለወርቅ በአንድ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የአማርኛ ታይፒስት ሆነው ኖረዋል። ጡረታ ሲወጡ ቀኑ እንዳይረዝምባቸው መቅደላዊት ከሰፈሩ ሲዲ አከራይ፣ ከጌድዮን፣ ተከታታይ ፊልም ታመጣላቸው ጀመር። ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው፤ እሳቸው ደግሞ እንግሊዝኛ አያነቡም። ስለዚህ ልጅ ከቢሮ ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ ሶፋው ጠርዝ ላይ ትቀመጥና ጽሑፉን ከአፍ ከአፉ እየነጠቀች በአማርኛ ትነግራቸዋለች።

"'እወድሻለሁ' ነው ያለው?"

"አዎ፣ እማዬ።"

"ያን ሁሉ ከንፈሩን አንቀሳቅሶ? ቀንሰሻል።"

"እሺ፣ 'ከልጅነቴ ጀምሮ' ብሏል።"

"ይኸው! ታይፒስት የሰጡትን ነው የሚመታው። አለቃዬ ሲሳሳት እንኳ ስሕተቱን እንዳለ ነበር የምመታው። ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።"

በመጋቢት የሐኪሙ ወረቀት መጣ። እሱም በእንግሊዝኛ ነበር። እናቷ መነጽራቸውን እንኳ ሳያወጡ፣ "በይ ንገሪኝ" ብለው ሰጧት። ታላቅ ወንድሟ እንድርያስ ግን ሐኪሙን አስቀድሞ አነጋግሮ ኮሪደሩ ላይ ክንዷን ይዟት ነበር። "ሰው የሚገድለው በሽታው አይደለም፤ ስሙ ነው። አደራ!" ብሏታል። መቅደላዊት ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። ሦስት መስመር ነው።

"ጨጓራ ነው፣ እማዬ። ትንሽ የቆሰለ ጨጓራ።"

"ሦስት መስመር ሙሉ?"

"በርበሬ… በርበሬ አትብዪ ይላል።"

ወይዘሮ ፈትለወርቅ ወረቀቱን አራት ላይ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። "ቀንሰሻል" አላሏትም። በሕይወታቸው ያላሏት ያን ቀን ብቻ ነው።

ያ ፊልም የመጣው ከዚህ በኋላ ነበር። በአንድ የዓሣ አጥማጆች መንደር የተዘጋ ፖስታ ቤት አለ፤ ፖስታ ቤቱ ውስጥ ሽቦው የተቆረጠ ስልክ አለ። የሞተ ሰው በዚህ ስልክ አንድ ጊዜ ብቻ ይደውላል፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል። ያነሳው ሰው ከዋሸ መስመሩ ለዘላለም ይቆረጣል። የፊልሙ ልጅ ወንድሟ ባሕር ገብቶ ቀርቶባታል። እናቷ በሐዘን እንዳትሞትባት ብላ ስድስት ዓመት በሟቹ ስም ደብዳቤ ስትጽፍላት ኖረች። እናትየውም "ልጄ ደህና ነው" እንዳለች ሞተች። አሁን ልጅቱ በየቀኑ ፖስታ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብላ ስልኩ እንዲጮኽ ትጠብቃለች፤ እንዳይጮኽም ትጸልያለች።

"ይሄንን የጻፈ ሰው እናት አለችው" አሉ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ገና በመጀመሪያው ቀን።

አሥራ ሁለት ክፍል እንዲያ ትንፋሻቸውን ይዘው አዩ። እሳቸው በየክፍሉ ይከሳሉ፤ መጀመሪያ ተቀምጠው፣ ኋላ ትራስ ተደግፈው፣ ኋላ ተኝተው። በአሥራ ሁለተኛው መጨረሻ ስልኩ ጮኸ። ልጅቱ እጇን ዘረጋች። ሲዲው አለቀ። የቀረው ገና ጌድዮን ጋ አልገባም ነበር።

"ምን ትላት ይሆን?" አሉ እናቷ።

"እውነቱን ነዋ። ከዋሸች ይቆረጣል እኮ።"

"እሱማ የኮሪያ ስልክ ሆኖ ነው። የኛ ቢሆን ውሸቱ ነበር ጥርት ብሎ የሚሰማው።" ሳቅ ሲሉ ሳል አቋረጣቸው። "ብቻ እኔን ካመለጠኝ ትነግሪኛለሽ። ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።"

"ምን ያመልጥሻል? ጨጓራ ሰው ገድሎ ያውቃል እንዴ?"

"አያውቅም" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በዘጠነኛው ቀን ዐረፉ።

የፊልሙ መጨረሻ ሰፈር የገባው በለቅሶው ሳምንት ነው። መቅደላዊት ይህን ያወቀችው ማንም ሳይነግራት ነበር። ጓዳ ስትገባ ድንች የሚልጡት ሴቶች ወሬያቸውን እኩል ላይ ቆረጡት።

"…ሆቴል አደረገው እኮ፣ አያናድድም…"

"ዝም በይ፣ መጣች!"

ጎረቤታቸው እትዬ አባይነሽ፣ በጉባኤያቸው ምስክርነት ሲሰጡ ማይክ የማይለቁት ሴት፣ ድንቹ ላይ አቀርቅረው ቀሩ።

"እትዬ አባይነሽ፣ አዩት እንዴ ፊልሙን?"

"የቱን ልጄ?"

"የስልኩን። አነሳችው?"

"አሁን እህል ቅመሺ። ሁሉንም ቀስ ብለሽ ትሰሚዋለሽ። ጌታ ያበርታሽ።" ይህን ብለው ከሁሉም የተለቀውን ቁራጭ ሥጋ በሳህን አወጡላት።

አነጋገሩ የመርዶ ነው። ሰፈሩ አንዱን ሞት ነግሯት ሁለተኛውን ደብቋታል። መቅደላዊት ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። ሲደበቅብሽ ነገሩን ባታውቂውም መደበቁን ታውቂያለሽ፤ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ደግ ይሆንብሻል። ከመጋቢት ጀምሮ እሷና እንድርያስ ለእናታቸው ምን ያህል ደግ ሆነው እንደነበር ትዝ አላት። እንጆሪ ሁሉ ገዝተውላቸዋል። በዚያ ቤት እንጆሪ ተገዝቶ አያውቅም ነበር።

አርባው ወጣ፤ ነጠላው ከቴሌቪዥኑ ላይ ተነሳ። በማግስቱ ቅዳሜ መቅደላዊት ጌድዮን ጋ ሄደች። ጌድዮን ሲዲውን ፈልጎ ሲያበቃ በሁለት እጁ አቀረበላት።

"መቅዲ፣ ሌላ ልስጥሽ? የቱርክ ገብቷል፣ አሪፍ ነው።"

"የዚህን መጨረሻ ነው የምፈልገው።"

"እንግዲህ በርቺ" አለ መሬት መሬት እያየ። "እኛም እንዲሁ ነው የሆንነው።"

በሯን ዘግታ ከፈተችው። ስልኩ ይጮኻል። ልጅቱ እጇን ዘርግታለች። በዚህ ጊዜ መኪና መጥቶ ገጫት። ፖስታ ቤት ውስጥ የተቀመጠችን ልጅ መኪና እንዴት እንደሚገጭ ደራሲው ይወቀው፤ ብቻ ግድግዳውን ጥሶ ገጫት። ሹፌሩ የአንድ ትልቅ ኩባንያ ወራሽ ነው። ልጅቱ ሆስፒታል ስትነቃ ሁሉንም ነገር ረስታለች፤ ቅንድቧ ግን እንደተኳለ ነው። አሥራ አራተኛው ክፍል ላይ የወራሹ እናት ብርጭቆ ውኃ ፊቷ ላይ ደፋችባት። አሥራ አምስተኛው ላይ የሞተው ወንድሟ መጣ። ለካ እሱም ሁሉንም ረስቶ መርከብ ላይ ወጥ ሠሪ ሆኖ ኖሯል። አሥራ ስድስተኛው ላይ ፖስታ ቤቱ ፈርሶ ሆቴል ተሠራበት፤ የልጅቱና የወራሹ ሠርግ እዚያ ሆነ። ስልኩ እንግዳ መቀበያው ላይ ለጌጥ ተቀምጧል። አበባ አስደግፈውበታል።

ወደ ኋላ መልሳ አየችው። አበባው አበባ ነው። ስልኩ ሁለተኛ አልጮኸም።

እንድርያስ ለቅሶዋን ሰምቶ ሲገባ እናታቸው ያረፉ ዕለት እንኳ እንዲህ ስትሆን አላያትም ነበር።

"ምነው? ምን ተፈጠረ?" ቴሌቪዥኑን አየ። "ለፊልም ነው እንዲህ የምትሆኚው?"

"አስመለጧት፣ እንድሬ። የሞተውን ወንድሟን ከባሕር አውጥተው ውሸቷን እውነት አደረጉላት። እናቷ ምን ብላ እንደጠየቀቻት፣ እሷም ምን ብላ እንደመለሰች… አንድ ቃል የለም።"

"እና ምን ይደረግ?"

"እማዬ ንገሪኝ ብላኛለች።"

እንድርያስ አጠገቧ ተቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እጇን ያዘ። "ታዲያ አነሳችው፣ ታረቁ በያት። ማን ያጣራል?"

መቅደላዊት እጇን ቀስ ብላ አወጣች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጣች። እናቷ የተቀበሩት እዚያ ተወልደው ባደጉበት ደብር ነው። አፈሩ ገና አልደረቀም። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከአሥራ ሦስተኛው ክፍል ጀመረች። መኪናውን ተናገረች፣ ግድግዳውንም። የተደፋውን ውኃ፣ ወጥ ሠሪውን ወንድም፣ የሙሽራዋን ቀሚስ፣ እናቷ ቢኖሩ የሚያንቀላፉበትን የወራሹን የቢሮ ስብሰባ ሳይቀር ተናገረች። አበባውንም አልዘለለችም።

"በቃ፣ ይኸው ነው እማዬ። አበላሹት። አላነሳችውም።"

ከዚያ ከእናቷ ቦርሳ ውስጥ ያገኘችውን ወረቀት አወጣች። አራት ላይ እንደታጠፈ ነው። እጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ በመከፈትና በመታጠፍ ሳስቶ ሊቀደድ ደርሷል። እናቷ የማያነቡትን ወረቀት ስንት ጊዜ እንደከፈቱት እግዜር ይወቅ።

ጭኗ ላይ ዘርግታ ጣቷን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አደረገች፤ ፊልም ላይ እንደምታደርገው ቶሎ ቶሎ ሳይሆን ቃል በቃል። የመጀመሪያው የበሽታው ስም ነበር፤ በስሙ ጠራችው። ሁለተኛው የት የት እንደደረሰ ይናገራል። ሦስተኛው ቀዶ ጥገና እንደማይሞከር፣ ከእንግዲህ ሕመሙን ማስታገስ ብቻ እንደሆነ። ሦስቱንም ጨረሰች።

"ስለ በርበሬ ምንም አይልም፣ እማዬ" አለች። "እሱን እኔ ነኝ የጨመርኩት።"