ምስክር ያልቆመለት ዕጩ

ከቀበሌው አዳራሽ ደጃፍ ቆሜ ቀኑን ሙሉ የድጋፍ ፊርማ ስለምን ውዬ፣ ሰባት ስም ብቻ ይዤ ወደ ቤቴ የተመለስሁበት ምሽት ነበር። ሠላሳ ዓመት መሬት ስቀይስ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ጉቦ ያልቀመስሁ፣ ከማንም ጋር ያልተጣላሁ ሰው፣ ፓርቲ የሌለኝ የግል ዕጩ ሆኜ ብቀርብ ይህ ሕዝብ ጆሮ ዳባ ልበስ ይለኛል! አንዱ የትውልድ ቦታዬን ይጠይቀኛል፤ ሌላው ከኋላዬ ማን እንዳለ ይጠይቀኛል፤ ምን እንደምችል የጠየቀኝ ግን አንድም የለም። ምን ዓይነት ጊዜ ላይ ደረስን እያልሁ ስነጫነጭ፣ እራቴን ሳልቀምስ ብቻዬን በወንበሬ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በሕልሜም ካፖርት የደረበ ሽማግሌ እጄን ይዞ ወደ ሰፊ ሜዳ አወጣኝ። አገሩ የእኛው ይመስላል፤ ነገር ግን በየግንቡ የተለጠፈ የዕጩ ፎቶግራፍ የለም፤ የድምፅ ማጉያ ጭኖ ጆሮ የሚያደነቁር መኪናም አይዞርም። በሜዳው ላይ እንደ ለቅሶ ቤት ያለ ታላቅ ድንኳን ተተክሏል፤ ከሥሩ ሕዝቡ ወንድ ሴት፣ ሀብታም ድኻ ሳይል በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ በመካከሉም አንዲት ባዶ በርጩማ ትታያለች። ቅስቀሳው የታለ ብዬ ጠየቅሁት። ሽማግሌውም በዚህ አገር ዕጩ ስለ ራሱ መናገር እንደማይፈቀድለት፣ በርጩማው ላይ ዝም ብሎ እንደሚቀመጥ፣ የሚያውቁት ሰዎችም ፊቱ ቆመው እንደሚመሰክሩ አስረዳኝ።

ወዲያው አስካለ የምትባል የጉሊት ነጋዴ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። እርሷም እንደኔ ፓርቲ የላትም። አንድ ሰው ተነሥቶ ምላሷ መራራ እንደሆነና በሰው ፊት እንዳዋረደችው ተናገረ፤ ሰውም ሣቀ፣ እርሷም አንገቷን ደፋች። ያው ሰው ቤቱ በተቃጠለ ጊዜ ከሁሉ ቀድማ ባልዲ ይዛ የደረሰችው እርሷ መሆኗን ሳይደብቅ ጨመረ። ከዚያ በኋላ እጁን ያላወጣ አልነበረም።

«ጥፋቷን እየሰሙ እንዴት ይመርጧታል?» አልሁት ሽማግሌውን።

«ጥፋቷን ስለሚያውቁ ነዋ። የማያውቁትን ሰው ምኑን አምነው ይሹሙት?»

ቀናሁ። እኔስ ከእርሷ በምን አንሳለሁ ብዬ፣ ማንም ሳይጠራኝ ሄጄ በርጩማው ላይ ዘጭ አልሁ። የድንኳኑ ዳኛ ይህን ሰው የሚያውቅ ይነሣ ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀ። የሚነሣ ጠፋ። አንድ ጠላት እንኳ ተነሥቶ ቢሰድበኝ ብዬ ተመኘሁ። ፊታቸውን ባየው የሰፈሬ ሰዎች ናቸው፤ የሁሉንም ግቢ ለክቻለሁ፣ የየአንዳንዱን ወሰን በሜትር እነግራችኋለሁ፤ ስማቸውን ግን አላውቅም። ለካ ይህን ያህል ብቻዬን ኖሬያለሁ ብዬ ሆድ ባሰኝ።

«እኔ በማንም ላይ ክፉ አልሠራሁም!» ብዬ ጮኽሁ።

ሽማግሌው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። «ልጄ፣ ክፉም ሆነ ደግ ለመሥራት እኮ ሰው አጠገብ መድረስ ያስፈልጋል» አለኝ።

ባንኜ ስነሣ ነግቷል። ያየሁትን ለሰው ሁሉ ልናገር ቆረጥሁ፤ ነገር ግን ማንን ልንገር ብዬ ባስብ አንድ ወዳጅ አጣሁ። ስለዚህ ዐሥራ አንድ ዓመት አጥር የተጋራኋቸውን ሴትዮ በር አንኳኳሁ። ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡና፣ ፊርማ ፍለጋ የመጣሁ መስሏቸው ከወዲሁ እጃቸውን አወዛወዙብኝ።

«ፊርማ አይደለም እትዬ። ስምዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

አተኩረው አዩኝ። አመለወርቅ እንደሚባሉ ነገሩኝና ወደ ቤት አስገብተው አስቀመጡኝ፤ ራእዩንም እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ዘንድሮ እንኳ አልመርጥዎትም» አሉኝ፤ «አላውቅዎትማ።»

ልክ ነዎት አልኋቸው። አመስግኜ ወጣሁና የሚቀጥለውን በር አንኳኳሁ።