ከነጭነቷ ትምጣ

በጠባዬ ቁጡ ነኝ። ቡታጅራ ውስጥ መኪናው መብራት የነሳው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ቢሆንም እየተቆጣሁትም ይመጣል። «የፈቲሀ ዓይን ሽቦ አይስትም» ይባላል። ይባል ነበር ልበል፤ ዘንድሮ ስቷልና።

ጋሼ ሀብተጊዮርጊስ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ስድስት ዓመት አልፏል፤ ሁለቱ ልጆቻቸው አደይና ይታገሱ አዲስ አበባ ናቸው። እሳቸው ከከተማው ዳር፣ ወደ መስቃን ገጠር መውጫ ላይ፣ ከአሮጌ ፒክአፓቸው ጋር ይኖራሉ። በሳምንት አንድ ቀን ቆሼ ወርደው በርበሬ ይገዛሉ፤ በሦስተኛው ቀን ቡታጅራ ገበያ ያወጡታል። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሲነዱ ኮፍያቸውን አያወልቁም፤ ፍሬቻ ሳያሳዩ አይታጠፉም።

ከሐምሌ ወዲህ ግን መኪናዋ አመል አወጣች። በገበያ ቀን ጠዋት ቁልፍ ሲያዞሩ ሞተሪኖው አንዴ «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። ባትሪው ባዶ ነው። ጎረቤት ተጠርቶ፣ ተገፍቶ፣ መከራ ታይቶ ነው የምትነሳው። የሰፈር ሰው መቼም አፉ አያርፍም፤ «ጋሼ ዛሬም መብራት አብርተው አደሩ» እያለ እየሳቀ ይገፋል።

መጀመሪያ ሲመጡ ባትሪው አርጅቷል አልኩና አስቀየርኳቸው። ተመልሰው መጡ። ዲናሞውን ለካሁት፤ ባትሪውን በደንብ ይሞላል። ቀጥዬ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታሁና በገመዱና በባትሪው መሀል የመሞከሪያ አምፖሌን አሰርኩ። የኛ ሥራ እንዲህ ነው፤ መኪናው ጠፍቶ፣ በሩ ተዘግቶ፣ በስውር ባትሪ የሚበላ ነገር ካለ አምፖሏ ትበራለች። አልበራችም። ሦስተኛም መጡ፤ እንደገና አሰርኳት፤ አሁንም አልበራችም። መኪናዋ ንጹሕ ናት። መኪናዋ ንጹሕ ከሆነች ደግሞ ጥፋተኛው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ መብራት እየረሱ ነው የሚያድሩት» አልኳቸው።

«አልረሳሁም፣ ልጄ።»

«ታዲያ ጅብ ነው የሚበላው ባትሪውን?»

ይህን ያልኩት ሰው ፊት ነው። ከአንድ ካርቶን ላይ ቀድጄ «መብራት ማጥፋት አይርሱ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩና መሪው አጠገብ ለጠፍኩላቸው። አነበቡት። ኮፍያቸውን አስተካክለው ሄዱ። እኔም መልካም የሠራሁ መስሎኝ ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ይታገሱ ከአዲስ አበባ ደወለ።

«ፈቲሀ፣ እውነቱን ንገሪኝ እስቲ። ነገሩ ከመኪናዋ ነው ወይስ ከአባባ?»

«መኪናዋ ላይ ምንም የለም» አልኩት።

«በቃ፣ እኔም ጠርጥሬ ነበር። ሰውየው እየዘነጋ ነው። ለመስቀል ስንገባ ቁልፉን እንቀበለዋለን። አንድ ነገር ከሚሆንብን ይሻላል አይደል?»

ይሻላል አልኩ። አንድ ቃል ናት፤ ከአፌ ስትወጣ ምንም አልከበደችኝም።

መስቀል አምስት ቀን ሲቀረው ጋሼ በእግራቸው መጡ። በሬ አጠገብ ከተደረደሩት ጎማዎች አንዱ ላይ ተቀመጡ። ውሃ ሰጠኋቸው፤ ይዘውት ቆዩ፣ አልጠጡትም።

«ልጆቼ ቁልፉን ሊቀበሉኝ ነው» አሉ። «ፈቲሀ መስክራለች አሉኝ።»

ፒንሳውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

«መኪናዋን ቢወስዷት ግድ የለኝም። ብረት ናት። አብሯት የሚሄደው ነገር ነው የከፋኝ። ከእንግዲህ በልቻለሁ ብል ማን ያምነኛል? በሩን ዘግቻለሁ ብል ማን ያምነኛል? አየሽ፣ ልጄ፣ አንዴ ‹ይረሳል› የተባለ ሰው ቃሉ አለቀ። መብራቱን አጠፋለሁ፣ ወርጄ በፊት በኋላ ዞሬ አያለሁ፣ ከዚያ ነው የምገባው። እውነቴን ነው።»

ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ቢንቀጠቀጥ ይሻለኝ ነበር። ሦስት ጊዜ መኪናቸውን መርምሬያለሁ፤ እሳቸውን ግን አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ሰው አልጠየቅኳቸውም። አፈርኩ። ሌላ ጎማ ስቤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

«እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ። ወልቂጤ ለለቅሶ ሄደው ያደሩ ጊዜ፣ ጠዋት ተነሳች?»

«እንደ ጥይት።»

«ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱስ?»

«አስቸግራኝ አታውቅም። የገበያ ቀን ብቻ ነው።»

«የገበያ ቀን ምን የተለየ ነገር አለ?»

«ጭነት ነዋ! መጋዘኔ ከሐምሌ ጀምሮ ጣራው ያፈሳል። በርበሬው እንዳይርስ ሸራ አልብሼ መኪናዋ ላይ ሁለት ቀን አሳድረዋለሁ።»

«እና እኔ ጋ ሲያመጧት?»

እንደ ሞኝ አዩኝ። «አራግፌ፣ ጠርጌ ነዋ የማመጣት! በርበሬ ጭኜ ጋራዥ እገባለሁ እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። በኛ አገር በርበሬ ይዞ ጋራዥ የሚገባ ሰው የለም። የማረቆ በርበሬ ሸራው ገለጥ ካለ መንደሩ በሙሉ ያነጥሳል፤ ኮፈን ሥር ያጎነበሰ ሰው ዓይኑን አሽቶ ሥራውን ይተዋል። እኔ ደግሞ ከሁሉ የባስኩ ነኝ፤ አንድ ጊዜ ጭኖ የገባ ሹፌር አንቄ አስወጥቼ፣ በሬ ላይ «በርበሬ የጫነ አይገባም» ብዬ በቀይ ቀለም ጽፌያለሁ። ጨዋ ሰው ሁሉ ያንን አንብቦ መኪናውን አጽድቶ ያመጣልኛል። እኔም የጸዳ መኪና መርምሬ ጤነኛ ነው እላለሁ። ሰው ሲያመው ታጥቦ፣ ለብሶ፣ ፈገግ ብሎ ሐኪም ፊት እንደሚቀርበው ማለት ነው።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ነገ ቆሼ ይሄዱ የለ? በገበያው ቀን ጠዋት ከነጭነቷ ትምጣ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ያነጥሳላ!»

መጣች። ሦስት ሰው እየገፋት፣ እስከ አናቷ በጆንያ ተሞልታ፣ ሰማያዊ ሸራ ለብሳ ገባች። ሻሼን አፍንጫዬ ላይ አሰርኩ። አጠገቤ ያለው ልብስ ሰፊ፣ ሙሀመድሰይድ፣ ገና ከበሩ ሲያያት «ያ አላህ፣ ዛሬስ ፈቲሀ ለየላት» ብሎ መስኮቱን ዘጋ።

የሞላ ባትሪ አስገባሁና ኔጋቲቩን ለብቻው ትቼ የመሞከሪያ አምፖሏን በመሀል አሰርኩ። በራች።

በሕይወቴ ብዙ አምፖል አብርቻለሁ፤ እንደዚያች ልቤን ያስመታችው ግን የለችም። ፊውዞቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመርኩ። የሚበላው ነገር የሚያልፍበት ፊውዝ ሲነቀል አምፖሏ መጥፋት አለባት። የራዲዮውን ነቀልኩ፣ የክላክሱን፣ የፊት መብራቱን፣ የቀሩትንም ሁሉ። አሁንም ትበራለች። እንግዲያው አንድ ሰው በፊውዝ ሳያሳልፍ ከባትሪው በቀጥታ ሽቦ ስቧል ማለት ነው። «ይህን የሠራ ደንቆሮ ማን ይሆን?» እያልኩ፣ እየተራገምኩ፣ ከፖዘቲቩ ላይ የወጣውን ቀጭን ቢጫ ሽቦ በጣቴ ተከተልኩት። በወለሉ ሥር አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል። መሀሉ ላይ ተቀጥሎ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል፤ የጥቅልሉ ጫፍ ደግሞ እንዳይላቀቅ በክር ታስሯል።

ጣቴ እዚያው ቆመ። በዚህ ከተማ ፕላስተር ጠቅልሎ ጫፉን በክር የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ነው። አባቴ ያስተማረኝ አስተሳሰር ነው።

ያኔ ትዝ አለኝ። ከአራት ዓመት በፊት ጋሼ ጎህ ሳይቀድ ሲጭኑ አይታያቸውም ነበርና ከኋላ ጭነቱ ጋ አንድ መብራት እንዳስገባላቸው ለመኑኝ። አስገባሁ። እንዳይረሱት ብዬ፣ የኋላው በር ሲዘጋ የሚጫናት ትንሽ ማብሪያም አደረግኩለት፤ በሩ ሲከፈት ይበራል፣ ሲዘጋ ይጠፋል፣ ልክ እንደ ፍሪጅ። በራሴ ጥበብ በጣም ነበር የተደሰትኩት።

ወደ ኋላ ዞርኩ። በርበሬ ብዙ ቦታ ይይዛል፤ ጆንያዎቹ ተነፋፍተው የኋላው በር አልዘጋ ብሏል፤ ጋሼ በገመድ አስረውታል። በበሩና በማብሪያዋ መካከል አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት አለ። ሸራውን ገልጬ ሁለት ጆንያ ሳወርድ ግቢው በሙሉ በሳል ታመሰ። መብራቱ ከሥር፣ በጆንያዎች መሀል ተቀብሮ፣ ማንም ሳያየው እየበራ ነው። የነካው ጆንያ ጠቁሯል። ሌላ ሳምንት ቢጨመር መኪናዋም፣ ቤቱም፣ ሰውየውም እሳት ነበሩ።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ዓይኔ ያነባል፤ ግማሹ በርበሬው ነው፣ ግማሹ ሐፍረት ነው።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ ነኝ የረሳሁት።»

ጎንበስ ብለው መብራቱን አዩት። «ትንሽ ናት» አሉ። ቀጥለውም ቀና ብለው፣ «ይህንን ልጆቼ ፊት ትናገሪልኛለሽ?» አሉኝ።

በደመራው ማግስት ከቀትር በኋላ ሄድኩ። አደይና ይታገሱ ቤቱን ሞልተውታል። የነሱን ሥጋ ስለማልበላ እንደየዓመቱ ቆጮና አይብ በጎመን ለብቻ ተቀምጦልኛል። በዚያ ቤት ቅሬታ እያለ መስቀል አይበላም፤ ሰው ያለውን ተናግሮ ነው ገበታ የሚቀርበው። ቁልፉን አደይ በጠዋት ተቀብላቸው ኖሮ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ጋሼ ጥግ ላይ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

ቆምኩና ተናገርኩ። ሽቦውን፣ ማብሪያዋን፣ የጠቆረውን ጆንያ፣ በሬ ላይ የጻፍኩትን ጭምር አንድም ሳላስቀር።

«እና አባባ አልረሳም ማለት ነው?» አለ ይታገሱ።

«አንድም ቀን። የረሳሁት እኔ ነኝ፤ ያውም አራት ዓመት ሙሉ።»

ይታገሱ ተነስቶ የአባቱን ጉልበት ሳመ። አደይ እያለቀሰች ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ እጃቸው ላይ አስቀመጠች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያልኩ፣ ነገሬን የጨረስኩ መስሎኝ ተቀመጥኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ በጣም።

ጋሼ ግን ቁልፉን ኪሳቸው አልከተቱትም። መዳፋቸው ላይ እንዳለ ያዩታል።

«ያላጠፋሁት ጥፋት ከላዬ ተነሳ» አሉ። «ተመስገን። አሁን ያጠፋሁትን ልናገር።»

አደይ እንባዋን ጠረገች፤ እሳቸው ቀጠሉ።

«በጳጉሜ ከቆሼ ስመለስ መገንጠያው ላይ ደረስኩና ቆምኩ። ቡታጅራ በየት በኩል እንደሆነ ጠፋኝ። ሠላሳ ዓመት የተመላለስኩበት መንገድ ነው። ግራውን አየሁ፣ ቀኙን አየሁ፤ ሁለቱንም አላውቃቸውም። ሚኒባስ እስኪመጣ ጠብቄ እሱን ተከትዬ ገባሁ። ባለፈው ሳምንትም ደገመኝ።»

«አባባ!» አለች አደይ። «ለምን አልነገርከንም?»

«መቼ ልንገራችሁ? በመብራቱ ስትጨቀጭቁኝ? ያኔ ብናገር ‹ይኸው፣ መብራቱንም ረስቷል› ትሉኝ ነበር፤ ሐሰቱም እውነቱም አንድ ላይ ይታሰርብኝ ነበር። አሁን ታምኑኛላችሁ። መብራቱን አልረሳሁም። መንገዱን ነው የረሳሁት።»

ጋሼ የአደይን እጅ ሳቡና ቁልፉን ውስጡ አድርገው ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘጉላት።

«ቁልፉን የምሰጠው እንካችሁ ስል ነው እንጂ አምጣ ስትሉኝ አይደለም» አሉ። «ቅዳሜ ቆሼ እንወርዳለን፤ አንቺ ትነጂያለሽ። በየት እንደምትታጠፊ እኔ እነግርሻለሁ። ስሳሳት ንገሪኝ።»