ጣሪያችን ላይ ያረፈችው ቀይ ነጥብ

ሌባ በር ሰብሮ ቢገባ ማን ይደርስልናል? አያት ከጠዋት ጀምሮ ይብከነከናሉ። የልጅ ልጃቸው ክሪፕቶ የሚባለውን የዲጂታል ገንዘብ መረብ የሚያንቀሳቅሱት ኮምፒውተሮች በዓለም ላይ ስንት እንደሆኑና የት እንዳሉ ገምታ፣ በቀይ ነጥብ የሞላ የሳተላይት ካርታ ትናንት ኢንተርኔት ላይ ለቃለች።

«ገንዘብ እዚህ አለ ብለሽ በራችንን አሳየሽ! አንቺ የተማርሽ ነኝ ባይ!»

«እማማ፣ ግምት ነው እኮ! ከተማውን እንጂ ቤቱን አያሳይም።»

«ታዲያ ይሄ የማን ጣሪያ ነው? የተሰነጠቀ የውሃ ታንከሬን መለየት ያቅተኛል?»

ልጅቷ ካርታውን አጉልታ ስታየው ክው አለች። የሌላውን ሁሉ ቦታ በግምት ስታስቀምጥ፣ ከመረቡ አንዱ የሆነውን፣ እቤት ያለውን የራሷን ኮምፒውተር ግን የት እንዳለ ስለምታውቅ ትክክለኛውን አድራሻ ሞልታለች። ካርታውን እስካሁን አርባ ሺህ ሰው አይቶታል።

«አሁንስ ግምት ነው በይኛ!» ጮኹ አያት።

ልጅቷ ነጥቧን አጠፋች፤ ኮምፒውተሩን ነቅላ አቀፈችና ሌባ ሳይመጣ ሌላ ቦታ ልታስቀምጠው ከቤት ወጣች።