ያልተገለበጠው ካሴት

ከልብስ ስፌት ሱቄ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ናስረዲን ሞባይል ይጠግናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት መምህር ኤሊያስ ከአንጋጫ ወደ ሆሳዕና ይመጣና ያ በሰማንያዎቹ የነበረ የፈረንጅ ሮክ ይከፈታል። እኔ ዘፈን አልለውም፤ ድንጋይ የገባበት ወፍጮ ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ምናልባት ዘጠነኛ ላይ ያስተምሩት ይሆናል።

"ሜታሊካን የሚያክል ባንድ የለም!" ይላል ኤሊያስ ራሰ በራውን እየነቀነቀ። ፀጉር በነበረው ጊዜ አምሮበት ይሆናል።

"ኒርቫና ሦስት ሰው ሆኖ ያንተን መንጋ ዝም አሰኝቷል" ይመልሳል ናስረዲን።

"እሱ ለቅሶ ነው እንጂ ሜታል ነው?"

"ያንተስ? ብረታ ብረት ቤት!"

ሃምሳ የደፈኑ ሰዎች! ምራቃቸው የተፈታ የሰው ስልክ ላይ ይፈናጠቃል።

ባለፈው ቅዳሜ ግን የናስረዲን እናት እማማ ሃቢባ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። የናስረዲን ታላቅ ወንድም ፈትሁዲን በሰማንያ ስምንት ከናይሮቢ አንድ ካሴት ልኮ ነበር፤ በአንዱ ፊት ያ ጩኸት፣ በሌላው ፊት በድምፁ ለእናቱ የተናገረው ሰላምታ። በዓመቱ እዚያው ታሞ ሞተ። ካሴቱን ኤሊያስ ተውሶት "ሳጥን ውስጥ አለ" እንዳለ ይኸው ሃያ ስምንት ዓመት። እናቲቱም መስማቱን ስለፈሩ "ይቆይ" ሲሉ ኖሩ። ዘንድሮ "ጆሮዬ ሳይደፈን ልስማው" አሉ፤ ናስረዲንም አሮጌ ቴፕ ፈልጎ ጠገነ።

"አመጣኸው ልጄ?" አሉት።

ኤሊያስ ስለ ጊታር ማውራት ጀመረ።

"መምህር፣ ጥያቄ መዝለል አይፈቀድም" አልኩት በበሩ ብቅ ብዬ።

አንገቱን ደፋ። "ተቃጥሏል።"

"ቤትህ ተቃጠለ?"

"አይ... ጌታን የተቀበልኩ ጊዜ። ወጣቶቹ የዓለም ዘፈን ካሴታቸውን ቤተክርስቲያን ግቢ አምጥተው ሲያቃጥሉ የራሴ የምለው አንድ አልነበረኝም። ባዶ እጄን ለመቆም አፈርኩ።"

ያን ቀን እኔም ሁለት ካሴት እሳቱ ውስጥ ወርውሬያለሁ፤ የራሴን። የጎረቤትህን አምጣ ሲባል አልሰማሁም።

"ለጩኸቱ እንደሆነ ዛሬም በየቅዳሜው ትነቀነቅለታለህ" አልኩት። "ያቃጠልከው የልጁን ድምፅ ብቻ ነው።"

"ሌላውን ፊት ሰምተኸው ነበር?" አለ ናስረዲን ቀስ ብሎ።

"አልገለበጥኩትም።"

ከዚያ ያደረገው ነው እስካሁን የሚያንገሸግሸኝ። ኪሱን ዳብሶ ፍላሽ አወጣ። "ግዴለም፣ ያንኑ አልበም ሙሉውን አግኝቻለሁ። ጥራቱ ከካሴቱ ይበልጣል።" ፈገግታው ስጦታ የሚያቀብል ሰው ፈገግታ ነው!

እማማ ሃቢባ ፍላሹን ተቀብለው በመዳፋቸው ላይ አዩት። "የልጄም ድምፅ አለበት?"

ናስረዲን ከእናቱ መዳፍ አንስቶ መልሶ ኤሊያስ ኪስ ውስጥ ከተተው።

"ሂድ" አለው።

"ያኔ እኮ ልጅ ነበርኩ..."

"ባለፈው ወር ሳጥን ውስጥ አለ ስትልስ? ያኔም ልጅ ነበርክ?" አልኩት።

ወጣ። እማማ ሃቢባ ከዘራቸውን እግራቸው መሀል አቁመው ወደ ናስረዲን ዞሩ።

"ድምፃችሁ ይመሳሰላል ይሉ ነበር። እስቲ አንተ 'እማዬ እንደምን አለሽ' በለኝ።"

ናስረዲን አፉን ከፈተ። ከዚያ መልሶ ገጠመውና ለካሴቱ ከፍቶት የነበረውን የቴፑን በር ዘጋ።